የቶካታ ሠላሳ ኪሎ

የቶካታ ጣቶች በላስቲክ ክር የጨርቁን አንገት ዙሪያውን ይወጉታል፤ ዞረው ሲጨርሱ ክሩን ሳብ ያደርጉታል፤ ያኔ ጨርቁ እንደ ሽማግሌ ግንባር ጭምድድ ይላል። ቲቡታ የሚባለው የአገሯ ሴቶች ሰፊ ሸሚዝ ውበቱ ይህ ጭምድድ ነው። አንገቱ ካላማረ ሌላው ሁሉ ጆንያ ነው። ቶካታ ከኪሪባቲ ወጥታ ፊጂ ውስጥ፣ ሱቫ ከተማ ዳር መኖር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ስንት አንገት እንደጨመደደች እግዜር ይቁጠረው።

ዛሬ የያዘችው ሐምራዊ የእህቷ የኪናይ ነው። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰችና በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ስድስቱን አየች። ሰባት ሞሉ። አንዱ ለኪናይ፣ አምስቱ ለኪናይ አምስት ሴቶች ልጆች፣ አንዷ ደግሞ መዳፍ የምታክል፣ ለሕፃኗ።

ሕፃኗ የኪናይ የልጅ ልጅ ናት፤ ስሟም ቶካታ ነው። ስሙን ያወጣችው ራሷ ኪናይ ስትሆን፣ በስልክ ስታበስርም እንዲህ ነበር ያለቻት፦

«ቶካታ ያልኳት ቢያንስ አንዷ ቶካታ አጠገቤ እንድትኖር ብዬ ነው። ሌላዋማ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ ስትል አረጀች።»

ቶካታ ስልኩን ዘግታ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗን ጠረገች። ኪናይ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመቷን ቶካታን አዝላ፣ ዓሣ እየላጠች ያሳደገቻት እሷ ናት። አሁን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ታሟል። ሕፃኗ የፊታችን ቅዳሜ አንድ ዓመት ይሞላታል። በትውልድ ደሴታቸው በቤሩ የልጅ አንደኛ ዓመት ከሠርግ አያንስም፤ አገሩ በሙሉ በማኔባው፣ ማለት በትልቁ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ምንጣፉን አንጥፎ ይቀመጣል። ኪናይም ቁርጡን ነግራታለች።

«ለዚህች ካልመጣሽ ሁለተኛ መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። መጠበቅ ደከመኝ።»

ደከመኝ ብትል አይፈረድባትም። ቶካታ ለዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ በጀት ይዛ ሦስቴም በልተውባታል። የመጀመሪያው በጀት የአጎቷ ልጅ የጀልባ ሞተር ሆነ። ሁለተኛው የእህቷ ልጅ የቤት ቆርቆሮ ሆነ። ሦስተኛው የባሏ የአጎት ልጅ የቲያኦን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሆነ። ቲያኦን በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ፈገግ ሲልላት ቶካታ የምታየው ጥርሱን አይደለም፤ የአውሮፕላን ቲኬቷን ነው። አንድ ጊዜ በዚያ ጥርስ በቆሎ ሲግጥ አይታው ሆዷ ባባ።

ምን ታድርግ? ዘመድ መጥቶ «ቡቡቲ» ካለ አበቃ። ቡቡቲ የተባለ ሰው ያለውን ይሰጣል፤ እምቢ ካለ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ከደሴት ደሴት ይዞራል። የሰጠ ደግሞ በተራው ሄዶ ቡቡቲ ይላል፤ ነገሩ እንዲህ እየዞረ ነው የሚኖረው። የቶካታ ችግር ይህች ሁለተኛዋ ናት። መስጠት ታውቃለች፣ መጠየቅ ግን አፏ አይታዘዝላትም። ጨው ቢያልቅባት እንኳ ጎረቤት ከምትልክ አልጫውን ትበላለች።

ስለዚህ በአራተኛው በጀት ዘዴ ፈጠረች። ገንዘብ ቤት አላሳደረችም። አንድ ቲቡታ ሠላሳ አምስት ዶላር ትሸጣለች፤ በሸጠችበት ቀን ብሩ ሳይቀዘቅዝ ወደ ገበያው ጥግ ወደ ቲኬት ቢሮ ትሮጣለች። እዚያ የምትሠራ ሳንጊታ የምትባል የሕንድ ዘር ልጅ አለች። ቶካታ መጀመሪያ የጠየቀቻት ዋጋውን አልነበረም።

«ልጄ፣ ይህ ቲኬት ለሌላ ሰው ይዞራል?»

«አይዞርም፣ አክስቴ። በስም ነው።»

«ወንድሜ መጥቶ ቢጠይቀኝስ?»

«አይዞርም።»

«ቢያለቅስስ?»

«ቢያለቅስ መሐረብ እንሰጠዋለን።»

«ተመላሽ አድርጊልኝና ገንዘቡን ልስጠው ብልሽስ?»

«አንድ ሳንቲም አይመለስም። ርካሹ ቲኬት እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሰድበን በዚህ ነው።»

«ተባረኪ!» አለች ቶካታ። ሳንጊታ በሥራዋ ላይ በዚህ ምክንያት ስትመረቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ቲኬቱ በቶካታ ሂሳብ አርባ ሁለት ቲቡታ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በቲቡታ እየከፈለች ጨረሰች። ዘመድ ሊጋልበው፣ ሊከድንበት፣ ሊያኝክበት የማይችል ነገር እነሆ በእጇ ገባ።

ባሏ ኮባቲ ከመርከበኝነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ «ነበር» ማለቱ ይበቃል። ከመንገዱ አምስት ቀን ሲቀር፣ ሐምራዊው ቲቡታ እንዳለቀ፣ በረንዳው ላይ መጥቶ ቆመና ባርኔጣውን ማሻሸት ጀመረ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ባርኔጣውን እንዲህ የምታሸው ምን አጥፍተህ ነው?»

«ትናንት ካቫ ስንጠጣ...» አለ ኮባቲ። ካቫ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣ ሥር ነው፤ ምላስ ያደነዝዛል ይባላል፤ የኮባቲን ግን ይፈታዋል። «ስለ አውሮፕላን ወሬ ተነሣ። እኔ ምንም አላልኩም። ሚስቴ ዓርብ ቤሩ ትገባለች ብቻ ነው ያልኩት።»

«ብቻ!»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ቲኬቱ አይዞርም ብለሽኝ የለ?»

ቶካታ አሰበችበት። እውነቱን ነው፤ ቲኬቱ አይዞርም። ገንዘቡም አይመለስም። ተመስገን አለችና መርፌዋን ሰካች። አንድ ነገር ግን ዘንግታለች። ቲኬቱ ላይ፣ ከስሟ በታች፣ «ዕቃ፦ ሠላሳ ኪሎ» የሚል ተጽፏል። ኪሎ ደግሞ የማንም ስም የለበትም።

በማግስቱ በጠዋት የመጣው ቲያኦን ነበር፤ ከነጥርሱ።

«እትዬ ቶካታ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ኪሎ ተፈቀደልሽ?»

«ለራሴም አይበቃኝ።»

«ለአባቴ ነው። ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት የፊጂ ካቫ አቅምሱኝ እያለ ነው።»

«አባትህ ባለፈው ዓመትም እሞታለሁ ብለው ነበር እኮ።»

«ካቫው ስላልደረሰለት ነው ያልሞተው። ቡቡቲ፣ እትዬ።» ብሎ ፈገግ አለላት። አራት ኪሎ ካቫ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ማሪቲና አዲስ ትልቅ የብረት ድስት በጭንቅላቷ ተሸክማ መጣች፤ ለእናቷ ነው። «ባዶ እኮ ነው፣ እትዬ፤ ውስጡ ዕቃ መክተት ትችያለሽ፤ እንዲያውም ሻንጣ ሰጠሁሽ ማለት ነው» አለቻት። አምስት ኪሎ ሻንጣ። የወጣቶቹ ማኅበር ለቤሩ ወጣቶች የመረብ ኳስ መረብና ሁለት ኳስ ላከ፣ አራት ኪሎ፤ «አየሩን አስተንፍሰነዋል» ብለው በኩራት ነገሯት፣ አየሩ ይመዝን ይመስል። የሰባኪው ሚስት ደግሞ አሥራ ሁለት የመዝሙር መጻሕፍት ይዛ መጣች።

«ለእሑዱ መዝሙር ነው፣ እህቴ። የእግዚአብሔር ቃል ክብደት የለውም።»

ቶካታ መጻሕፍቱን ማንጎው ዛፍ ላይ በተሰቀለው የዓሣ ሚዛን አንጠለጠለቻቸው። መርፌው ስድስት ላይ ቆመ።

«የእግዚአብሔር ቃል ስድስት ኪሎ ነው» አለች። ግን ተቀበለች።

ሐሙስ ሲቃረብ ኮባቲ ራሱ መጣ። እጁን ከኋላው ደብቋል።

«አንተም?» አለች ቶካታ።

«ለአክስቴ ልጅ ለቡሬቲ ነው። እጅግ ትንሽ ነገር ናት። በአንድ እጅ ትያዛለች።» የመረብ ማስመጫ ነበረች፤ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ወደ ባሕር ወለል የሚያወርድባት፣ የቡጢ መጠን ያላት ድፍን ብረት። ሚዛኑ ላይ ስትሰቀል የማንጎው ቅርንጫፍ ጎንበስ አለ። አምስት ኪሎ።

«ኮባቲ፣ ይህ ባሕር ውስጥ የሚሰምጥ ነገር ነው፤ በአየር ልወስደው?»

«ቡቡቲ» አለ ኮባቲ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«የገዛ ሚስትህን!»

«ከገዛ ሚስቴ በላይ ማን ዘመድ አለኝ?»

ቶካታ ብረቷንም ተቀበለች። የሰው ዕቃ ሃያ አራት ኪሎ ሆነ። ሻንጣዋ ባዶዋን አራት ትመዝናለች፤ ስለዚህ ሻንጣዋን ትታ ዕቃውን በሩዝ ጆንያ አደረገች። ሰባቱ ቲቡታ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና የኪናይ የጉልበት ቅባት ሲጨመሩ ሚዛኑ ሠላሳ ሁለት ተኩል አለ። ሳሙናውን አወጣች። ቅባቱን አላወጣችም። ነጠላ ጫማውን አወጣች። ከዚያ ቁጭ ብላ የማንጎውን ዛፍ ስታይ ቆየችና ድንገት እጇን አጨበጨበች።

«ኮባቲ! ሰው ይመዘናል እንዴ?»

«የት?»

«አውሮፕላን ላይ።»

«ዕቃ እንጂ ሰው ምን ተብሎ ይመዘናል» አለ፣ ዕድሜ ልኩን በመርከብ የሄደው ኮባቲ።

ሐሙስ ቶካታ ሳሙናውንና ነጠላ ጫማውን ወደ ጆንያው መልሳ፣ ሰባቱንም ቲቡታ በአንድ ጊዜ ለብሳ ከቤት ወጣች። በትክክል ለመናገር ስድስቱን ለብሳ ነው፤ የሕፃኗ ቲቡታ ከጭንቅላቷ አልፋ ስለማትወርድ እንደ ቆብ አናቷ ላይ አጥልቃታለች። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ናዲ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አራት ሰዓት ላብ አጠመቃት። እጆቿ ወደ ጎን ቀጥ ብለው አልወርድ ስላሏት እንደ ሸርጣን ተቀምጣ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ መስኮት ከፈተላት፣ ቀጥሎ በጋዜጣ አራገበላት፣ በመጨረሻ ግን «እናቴ፣ ሐኪም ጋ ልንወስድዎት?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ስጦታ ነኝ» አለችው።

ናዲ ላይ ጆንያው ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል አለ። መዝጋቢዋ ጆንያውን አየች፣ ቶካታን አየች፣ ቆቡን አየች፤ ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻት። ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የወንበሩ ቀበቶ አልደርስ ብሎ ተጨማሪ ቀበቶ መጣላት። ቶካታ ግን ደስታዋን አልቻለችውም። ከእነ ሁሉ ነገሯ፣ ከእነ ሠላሳ ኪሎዋ፣ አንድ ነገር ሳታጎድል እየበረረች ነው! እንዲህ ዓይነት በጀት የያዘ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

በኪሪባቲ ዋና ከተማ በታራዋ ዘመድ ቤት አድራ ዓርብ ጠዋት ወደ ቤሩ የምትሄደው ትንሽ አውሮፕላን ዘንድ ቀረበች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከቤሩ የወጣችው በመርከብ ነበር፤ ይህችን ትንሽ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ከጣሪያው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተሳፋሪዎች ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው የእህል መጋዘን ዓይነት ትልቅ የመሬት ሚዛን አለ። መዝጋቢው ቴካይ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«ጆንያውን ያስቀምጡ፣ እማማ።» አስቀመጠች። ጻፈ። «አሁን እርስዎ ይውጡ።»

«ወዴት?»

«ሚዛኑ ላይ።»

ቶካታ ደረቀች። «እኔ ዕቃ ነኝ?»

«አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፣ እማማ። ለእሷ ሁሉም ዕቃ ነው።»

ወጣች። ቴካይ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ፤ እንዳነበበም አግዳሚው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ዘጠና አንድ!»

«ጎሽ!» አለ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ፣ የተፈታታ ብስክሌት እግሩ ሥር ያኖረ ሽማግሌ። «እንዲህ ነው ሴት!»

«ሰማንያ ስምንት ነኝ!» አለች ቶካታ። «ሌላው ልብስ ነው።»

«ልብሱም ይበራል፣ እማማ» አለ ቴካይ። እርሳሱን ላሰና ደመረ። «ትልቁ አውሮፕላን ሠላሳ ኪሎ ይፈቅዳል፣ ይህቺ ግን አሥራ አምስት ብቻ። ሌሎቹም አብዝተዋል። ጠቅላላው በሃያ ሁለት ኪሎ በልጧል። ወይ ጆንያው፣ ወይ እርስዎ፣ እስከ ማክሰኞ ይቆያል።»

ማክሰኞ! ድግሱ ነገ ነው። ቶካታ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ቀረች። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአርባ ሁለት አንገት፣ የያዘችው በጀት ለካ የሌላ አውሮፕላን በጀት ነው። የኪናይ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ «መጠበቅ ደከመኝ» ያለው ድምፅ።

«ጆንያውን እዚሁ ይተዉልኝ» አለ ቴካይ፣ ድምፁን አለዝቦ። «ምን ምን አለው?»

«ካቫ፣ ድስት፣ መዝሙር...»

«የፊጂ ካቫ?» አለ ቴካይ። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «እኔ ራሴ እጠብቅልዎታለሁ። ከዓይኔ አይጠፋም።»

ቶካታ ዓይኑን አየችና ገባት። እስከ ማክሰኞ ከጆንያው ውስጥ ሳይነካ የሚቆየው የኮባቲ ብረት ብቻ ነው። ሰው አምኖ በእጇ የሰጣትን ደግሞ ለሌላ ሰው አፍ ትታ ብትሄድ በምን ዓይኗ ሱቫ ትመለሳለች? ራሷ ብትቀር ደግሞ ኪናይ እየጠበቀቻት ነው።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያዩዋታል። ያልተጠየቀ ሰው ምን ይበል? የተጠየቀ ነው የሚሰጠው። ቶካታ ይህን ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከወዲያኛው ጎን ስታውቀው ኖራለች። ላቧ ከሕፃኗ ቆብ ሥር ወደ ቅንድቧ ወረደ።

«አንተ ልጅ» አለች መዝጋቢውን። «የማን ልጅ ነህ?»

«የኢዮቴባ።»

«ኢዮቴባ የማን?»

«የቤሩው። አያቴ በማኔባው በስተ ምሥራቅ ነበር የሚቀመጠው።»

«ምሰሶው ሥር?»

«ምሰሶው ሥር።»

«እኛም እዚያው ነን! አንድ ቦታ የሚቀመጥ አንድ ዘር ነው። አያትህ እናቴን እህቴ ነበር የሚላት። በል እንግዲህ...» ቃሉ ጥርሷ ላይ ተሰካ። ዓይኗን ጨፈነች። «ቡቡቲ። ሃያ ሁለት ኪሎ ስጠኝ።»

ቴካይ እርሳሱን አስቀመጠ። ፊቱ ልክ ኮባቲ ባርኔጣውን ሲያሽ እንደሚመስለው ሆነ። «እትዬ፣» አለ፤ እማማ ማለቱ ቀረ፤ «ሸሚዜን ቢሉኝ እሰጣለሁ። ቤቴን ቢሉኝ እሰጣለሁ። ይህ ግን የእኔ አይደለም፣ የአውሮፕላኗ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ዘመድ የላትም።»

«እነዚህስ?» አለች ቶካታ ወደ አግዳሚው ዞር ብላ።

«እነሱ ዕቃቸውን ከተዉ እኔ ቁጥር አዛውራለሁ።»

አፏ አንዴ ተከፍቷል፤ አሁን ማን ይመልሰዋል? ከሚዛኑ ወረደችና መጀመሪያ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ካርቶን ያቀፈ ወጣት መምህር ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ ካርቶኑ ምንድን ነው?»

«የተማሪዎች ደብተር ነው። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል።»

«ማክሰኞ ቢደርስ ልጆቹ ያለቅሳሉ?»

መምህሩ አሰበ። «ኧረ እርስዎን ይመርቃሉ።»

«እንግዲያስ ቡቡቲ።»

አሥራ አንድ ኪሎ ወረደ። መምህሩም ዋዛ አልነበረም፤ «እኔስ ነገ የት ነው የምበላው፣ እትዬ?» አለ። ከኪናይ ምንጣፍ ላይ ቦታ ተሰጠው።

ቀጥሎ ባለብስክሌቱ ሽማግሌ ነበር። ቶካታ ገና ስትዞር ብስክሌቱን አቀፈ።

«አይሆንም! ስምንት ወር ነው የጠበቅኳት!»

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅኩት፣ አያ። ጎማዎቹን ይያዙ፤ አጥንቷን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ጎማ ይዤ ገብቼ ምን ልላቸው ነው? ሌላው በመንገድ ላይ ነው ልበላቸው?»

«በመንገድ ላይ ነው እኮ!» አለ መምህሩ፤ አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ።

ሽማግሌው ተነፈሰ። «ለሚስቴ እንዲህ ያለ አንገት ያለው ቲቡታ ትሰፊልኛለሽ?»

«ሁለት እሰፋለሁ።»

«በይ እሺ። ደወሏን ግን አልተውም።» ደወሏን ፈታና ኪሱ ከተተ። ዘጠኝ ኪሎ ወረደ።

ቴካይ ደመረ። «ሁለት ቀረ።»

ከቀሩት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የያዘችው መድኃኒቷን፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ የታመመ ጥርሱን ብቻ ነው። ይህን ማንም አይጠይቅም። በዚህ መሀል አብራሪዋ ምን አዘገያችሁ ብላ ብቅ አለች፤ ጃንጥላ፣ ትልቅ ፔርሙስና የቆዳ ቦርሳ ይዛለች። ቶካታ ከእግር እስከ ራስ አየቻት። አብራሪዋም የቶካታን ቆብ አየች።

«ምንድን ነው?» አለች አብራሪዋ።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አለች ቶካታ።

ዝምድናው በእናቷ አክስት ባል በኩል ተገኘ፤ ቀጭን ነበር፣ ግን ያዘ። ጃንጥላውና ፔርሙሱ ቴካይ ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። ሚዛኑ ልክ ሆነ። «ማክሰኞ ስመጣ ከድግሱ የተረፈ አሳማ ካልጠበቀኝ እርስዎን አልመልስም» አለች አብራሪዋ። ቴካይም በተራው ቡቡቲ አለ። ከቲያኦን አባት ካቫ አንድ ጭብጥ ወረደለት፤ ሽማግሌው አንድ ጭብጥ ቢጎድልባቸው ትንሽ ዘግይተው ይሞታሉ።

አውሮፕላኗ ቤሩ ላይ ስታርፍ ኪናይ በዱላ ተደግፋ ከኮኮናቱ ጥላ ሥር ቆማ ነበር፤ ሕፃኗን ልጇ ይዛታለች። ከአውሮፕላኗ በር አንዲት እጆቿ የማይወርዱላት፣ አናቷ ላይ የሕፃን ሸሚዝ የደፋች ወፍራም ሴት ወረደች። ኪናይ ዓይኗን አጥብባ አየቻት።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ ኪናይ!»

«ወይኔ እህቴን! ሱቫ ምን አበላችሽ?»

ቶካታ እዚያው ሜዳው ላይ ልብሷን መግፈፍ ጀመረች። ቆቡን አውልቃ ለትንሿ ቶካታ አጠለቀችላት፤ ልክ ሆነ። ቢጫውን ለትልቋ ልጅ፣ ቀዩን ለተከታይዋ፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን፣ አበባማውን። በመጨረሻ ሐምራዊውን አውልቃ ኪናይ ትከሻ ላይ ጣለችውና በላብ በበሰበሰች ስስ ካናቴራ ቆመች። ኪናይ ዱላዋን ለልጇ ሰጠችና በሁለት እጇ የእህቷን ክንድ፣ ከዚያ ጎኗን፣ ከዚያ አንገቷን ዳበሰች።

«ከስተሻል» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ምነው አትበይም እንዴ?»

ድግሱ እንዴት እንደነበር ያልሰማ የለም። መምህሩ ሦስት ጊዜ በላ። መረቡ ተዘርግቶ ኳሱ ተመታ፣ መዝሙሩም ተዘመረ፤ ባለብስክሌቱ ሽማግሌም በየጭብጨባው መሀል ደወሉን ያቃጭል ነበር።

ቶካታ አሁን ሱቫ በረንዳዋ ላይ ናት። በድጋሚ አርባ ሁለት አንገት ጀምራለች፤ የዚህ ጊዜው በጀት የኪናይ መምጫ ነው። ሠላሳ አንዱ አልቋል። የሱቫ ሐኪም ጉልበቷን እንዲያይላት ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓርብ ከቤሩ ትነሣለች። ቶካታ ገንዘቡን ስትሰፋ አትጨነቅም፤ የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። ኪናይ ዘጠና ስምንት ኪሎ ናት፤ ለእህቴ ምንጣፍ ሳልይዝ አልነሣም ብላለች፣ ምንጣፉ ደግሞ አሥራ አራት ነው።

ስለዚህ ይህን እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ ከእኛ ጋር ይህን ያህል ከተቀመጣችሁ ዘመድ ናችሁና፣ ቶካታ አንድ ነገር ትጠይቃችኋለች፤ አሁን አፏ ተፈቷል። በዚያ ዓርብ ከቤሩ የምትበሩ ካላችሁ፣ በተለይ ቀጫጮቹ፣ እባካችሁ ከባድ ቁርስ አትብሉ፣ ዕቃም አታብዙ፤ ለኪናይ ኪሎ ተዉላት። ቡቡቲ።